ነገ ጠዋት ወንድሜ ችሎት ይቀርባል፤ ምን ልጠብቅ?

የአዳማ ልጆች የሚጫወቱበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። እዚያ የሚከፈት ክር አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው መልስ ላይ ኳስ ውስጥ ይገባና ይቀራል። ሰሞኑን የተከፈተው ግን ቆየ። ለሌላም ሰው ይጠቅማል ብዬ እንደገባኝ ልተርከው። ሰዎቹን በስም አላነሳም፣ ቃላቸውንም አልገለብጥም። ጭንቅ ላይ ሆነው የጻፉት ነገር ነው።

ክሩን የከፈተችው አንዲት እህት ናት። ታናሽ ወንድሟ ሚኒባስ ይነዳል። ወንጂ መንገድ ላይ፣ መሸት ሲል፣ እግረኛ ገጨ። የተገጨው ሰው ሆስፒታል ተኝቷል። ወንድሟ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያደረው። መርማሪው ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል ብሏታል። እሷ ደግሞ ችሎት የሚባል ቦታ ረግጣ አታውቅም። ያስገቡኛል ወይ? ምን ልልበስ? ነገውኑ ይለቁታል ወይ? ጠበቃ ልያዝ ወይስ ልጠብቅ? ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፣ እንዴት ልሁን? ጥያቄዋ ይሄው ነው።

1. የመጀመሪያው መልስ ወዲያው መጣ። ሰውዬው ልቡ መልካም ነው፣ ግን ችኩል ነው። ሕገ መንግሥቱ 48 ሰዓት ብሏል፣ ከዚያ በላይ ማሰር አይችሉም፣ ቁርሱን ይዘሽለት ሂጂና እሱን ይዘሽ ተመለሺ አላት።

2. አይዞሽ፣ እመብርሃን ከፊት ትቅደም ብላ ያለፈች አለች።

3. ጠበቃ ነኝ ያለ ሰው ገባና 1 ቁጥርን በትህትና አረመው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሚለው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው፤ ይለቀቅ አይልም። መንገድ ላይ የሚጠፋው ጊዜም እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ነገ የሚሆነው ክርክር ሳይሆን ጊዜ ቀጠሮ ነው። ምስክር አይሰማም፣ ክስም አይነበብም። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ቀን ይሰጠኝ ይላል። ዳኛው ወደ ልጁ ዞሮ ምን ትላለህ ይለዋል። ልጁ ዋስትና የሚጠይቀው ያኔ ነው። እህትየው ለሊቱን ሙሉ ስትጨነቅበት ያደረችው ነገር አምስት ደቂቃ ላይሞላ ይችላል። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ነገ አይነሳም፤ ልጁ ገና ተጠርጣሪ እንጂ ተከሳሽ አይደለም።

ከክሩ ውስጥ አንዱን ብቻ አንብብ የሚለኝ ሰው ቢኖር ይሄን መልስ ነበር የምመርጥለት። ብዙ ቤተሰብ ችሎት ገብቶ ደንግጦ የሚወጣው ዛሬ ይፈረዳል ብሎ ስለሚሄድ ነው።

4. ጡረታ የወጡ የችሎት ጸሐፊ ረጅም መልስ ጻፉ። ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ በጠዋት ድረሺ አሏት። የዕለቱ መዝገቦች ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ወይም የችሎቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ እሱን ፈልጊ። የመዝገብ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊው። ከዛሬ በኋላ መዝገብ ቤት ስትሄጂ የሚጠይቁሽ የወንድምሽን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው፣ ቁጥሩን የያዘ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። መታወቂያ አትርሺ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ስልክሽን ድምፁን ብቻ አትቀንሺው፣ ዝጊው። ዳኛ ሲገባ ተነሺ። እግር አነባብሮ መቀመጥ፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ኮፍያ አድርጎ መግባት ችሎት አስከባሪውን ያስቆጣዋል። አለባበስሽ ለቅሶ ቤት እንደምትሄጂበት ይሁን። ወንድምሽን ስታዪው እጅሽን አታወዛውዢ፣ አትጥሪው። ምግቡን ጣቢያ ነው የምትሰጪው፣ ችሎት ውስጥ ፌስታል ይዞ መግባት የለም። ዳኛ የሚያናግራት ከሆነ ደግሞ ክቡር ፍርድ ቤት ብላ እንድትጀምር መከሯት፤ ጌታዬም እመቤቴም አያስፈልግም ብለዋል።

ችሎት ማወክ ቀልድ እንዳልሆነም አስታወሷት። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 449 ፍርድ ቤቱን ያወከ ወይም የሰደበ ሰው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ሊቀጣ ይችላል ይላል፤ ዳኛውም እዚያው በዚያው ሊቀጣው ይችላል። በሥራ ዘመናቸው ወንድሜን ፍቱልኝ ብላ ጮኻ እሷም ስትታሰር ያዩአት ሴት ነበረች። ስሟን ግን አልጻፉም፤ ደግ አደረጉ።

5. አንድ ባጃጅ ሹፌር የራሱን አወጋ። ለምስክርነት ተጠርቶ ነው። መጥሪያው ላይ 3 ሰዓት ይላል። 3 ሰዓት ደረሰ፣ ማንም የለም። 4 ሰዓት ሆነ፣ ዳኛው ሌላ መዝገብ ላይ ናቸው። 5 ሰዓት ሲሆን ማኪያቶ ጠጥቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ስሙ ተጠርቶ፣ አቤት የሚል ጠፍቶ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ፖሊስ ይዞት እንዲቀርብ ታዟል። ምስክር ሆኖ ሄዶ ተፈላጊ ሆኖ ተመለሰ። ምክሩ አጭር ነው፤ ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ፣ ከበሩ አትራቂ፣ ከዚያ በኋላ ሰዓት አትቁጠሪ።

6 እና 7. ወሬው ማኪያቶ ላይ ተሰቀለ። ፍራንኮ ይሻላል፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ይሻላል ተባባሉ። ይለፈን።

8. እዚህ ላይ ነው ነገር የከረረው። አንዱ ናዝሬትን በሚያህል ከተማ ፍርድ ቤቱ ለምን በአማርኛ አይሠራም ብሎ ጻፈ። አጻጻፉ የጠብ ነበር።

9. ሌላው ከፍ ባለ ድምፅ መለሰለት። ከተማው አዳማ ይባላል፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ እዚሁ ተወልደህ እዚሁ አድገህ አለመማርህ የማን ጥፋት ነው አለው። ከዚያ ሁለቱ ብቻቸውን ትንሽ ተላፉ። ሁለቱም እህትየዋን ረስተዋታል።

10. የመለሳቸው አንድ የሰከነ ሰው ነው። እናንተ ተጣሉ፣ ልጅቷ ግን ነገ ጠዋት ትሄዳለች ብሎ ጀመረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ ቁጥር 7 የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። አዳማ ያደገ ልጅ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛ ሲያወራ ስለሚውል ትሰማለህ ወይ ሲሉት አዎ ይላል። ሰፈር ውስጥ መደራደርና ዳኛ ፊት ቆሞ የሕግ ነገር መስማት ለየቅል ነው። አጎቱ እንዲሁ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ቆይቶ የተሰጠውን ቀጠሮ እንኳ ሳይሰማ ወጥቷል። ስለዚህ ወንድምሽ ገና ሲጠራ፣ አንድም ነገር ሳይመልስ፣ አስተርጓሚ ይመደብልኝ ይበል።

አንድ ነገር ጨመረ፣ ይሄን ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም። አስተርጓሚው የሚመደበው ለልጁ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠች እህት ማንም አይተረጉምላትም። ጎንሽ ያለውን ሰው ምን አሉ፣ ምን አሉ ካልሽው ሁለታችሁንም ያስወጧችኋል። ቋንቋውን የሚችል ጎረቤት ይዘሽ ሂጂ፣ ዝም ብሎ ያዳምጥ፣ ውጭ ስትወጡ ይንገርሽ። ትእዛዙም የሚጻፈው በቁቤ ስለሆነ ግልባጩን የሚያነብልሽ ሰው ያስፈልግሻል አላት።

11. ጋሼ የሚሏቸው አንድ ሰው ሽማግሌ ላኩ አሉ። እሳቸው በጉብዝናቸው ጊዜ ሰው ገጭተው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ፍርድ ቤት የማያስታርቀውን ሽማግሌ ያስታርቀዋል ባይ ናቸው።

12. ጠበቃው ተመለሰ። 3 ቁጥር ላይ የነበረው ትህትና አሁን ቀነስ ብሏል። እንዲህ ያለ ምክር ሰው ያሳስራል አለ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል ከሆነ ዕርቅ ክሱን ሊያስቆመው ይችላል። ከዚያ ውጭ ባለው ግን ከሳሹ መንግሥት ነው፣ ሰው ከሞተ ደግሞ ቤተሰቡ ይቅር ስላለ መዝገቡ አይዘጋም። ሽማግሌ መላክ ግን ከንቱ አይደለም። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 82 የተጎዳውን መርዳትና ጉዳቱን በተቻለ መጠን መካስ ቅጣት ያቀልላል። ብቻ ሽማግሌዎቹ ስለ ምስክር እንዳያነሱ። እንዲህ በል፣ እንዲህ አትበል የሚል ወሬ ፖሊስ ጆሮ ከደረሰ ምስክር ሊያባብል ነው ተብሎ ልጁ ዋስትና የሚከለከልበት ምክንያት ይሆናል።

ጋሼም አልተቀየሙም። ዘመኑ ተለውጧል እንግዲህ ብለው ዝም አሉ።

13. አንዲት ነርስ የጻፈችው ከሁሉም የተለየ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 63 ላይ ተጎጂው ይሞታል ተብሎ ከተሰጋ ዋስትና ላይ እንቅፋት እንደሚሆን ጠበቃው በጎን ጠቅሶ ነበር። እሷ ደግሞ የሆስፒታሉን በኩል ነገረቻት። የታካሚውን ሁኔታ የሚገልጽ ማስረጃ ለገጪው ቤተሰብ አይሰጥም። ብትለምኚም፣ ብታለቅሺም አይሰጥሽም። የሚጠይቀው መርማሪው ነው፣ በደብዳቤ። ደብዳቤው ደግሞ አንዳንዴ መርማሪው መሳቢያ ውስጥ፣ አንዳንዴ ሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ተኝቶ ይከርማል። ስለዚህ ሆስፒታል ከመመላለስ መርማሪውን ደብዳቤው ወጥቷል ወይ፣ ቁጥሩ ስንት ነው ብለሽ ጠይቂው። ቁጥሩን ከያዝሽ የት እንደቆመ ይታወቃል።

14. እህትየው በማግሥቱ ከሰዓት ተመለሰች። ችሎቱ የተጀመረው አርፍዶ ነው። ወንድሟ ከማታውቀው ልጅ ጋር በአንድ ካቴና ታስሮ ገባ። ጣቢያ ቀበቶውንና የጫማውን ክር ወስደውበት ኖሮ ዳኛው ሲያናግሩት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነበር የቆመው። እሷን ያስለቀሳት ይሄ ነው። አስተርጓሚ ጠየቀ፣ ተሰጠው። ፖሊስ 14 ቀን ጠየቀ፣ ዳኛው ቀንሰው 7 ሰጡ። ዋስትናውን የተጎጂው ሁኔታ ተጣርቶ እስኪቀርብ አቆዩት። ጎረቤቷ ውጭ ወጥተው ባያስረዷት ኖሮ 7 ቀን ተፈረደበት ብላ ነበር የምትሄደው።

15 እስከ 18. ስለ 14 ቀኑ ሙግት ተነሳ። አንዱ 14 ቀን የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው አለ። ሌላው አንድ ዘመዱ እየተደጋገመ ሲሰጥበት አይቷል። የሁለተኛው ይበልጣል፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 የሚለው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አልወሰነም። የችሎት ጸሐፊው በዚህ ላይ ጥሩ ነገር አከሉ። በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው መርማሪውን በተሰጠህ ቀን ምን ሠራህ ብሎ ይጠይቃል። ተጠርጣሪውም ያልተሠራውን በትክክል ቆጥሮ መናገር አለበት። የምስክር ቃል ተወስዷል፣ መኪናው ተመርምሯል፣ ታዲያ የቀረው ምንድን ነው ማለት ከመማጸን ይሻላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ዳኛ ፊት ልመና ብዙ ቦታ የለውም።

19. አንድ የተቆጣ ሰው ጠበቃ ሁሉ ገንዘብ በላተኛ ነው ብሎ ተሳደበ። ጠበቃው አልመለሰለትም። የመለሰችለት ነርሷ ናት፤ አቅም የሌለው ሰው ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንደሚያቆምለት አስታውሳ፣ ይልቅ በር ላይ ያሉትን ተጠንቀቁ አለች። ማመልከቻ የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች ማለቷ አይደለም፣ እነሱ ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ክላሰር ይዞ የሚዞረውን፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ሻይ ብቻ በሉልኝ የሚለውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብልጥ ነው። ልጁ ከተለቀቀ እኔ ነኝ ይላል፣ ካልተለቀቀ ብሩ አነሰ ይላል። በሁለቱም አይከስርም።

20. ጠበቃው ክስ ቢመጣስ ለሚለው መልስ ይዞ መጣ። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አይቶ ክስ ከመሠረተ ያኔ ልጁ ተከሳሽ ይሆናል። ተጎጂው ከዳነ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ነው፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 559። ከሞተ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፣ ቁጥር 543። ሙያው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ያጓደለ ሹፌር በንዑስ ቁጥር 2 ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ አለበት። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ነገሩ ወደ ጽኑ እስራት ይሄዳል፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት። ክሱ ተነቦ ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ሲባል የሚሰጠው የእምነት ክህደት ቃል ነው። አዎ ገጭቻለሁ፣ ግን እሱ ነው የገባብኝ ማለት እምነት አይደለም፣ እንደ ክህደት ተይዞ ምስክር ይሰማል። ሰው አምኜ ቅጣት ይቀልልኛል ብሎ ግማሽ እምነት ይሰጥና ግራ ይጋባል።

እዚያው ላይ ስለ ምስክር ጨመረ። መከላከያ ምስክር የሚሆን ሰው የሌሎቹን ምስክርነት ሰምቶ መመስከር የለበትም፣ ተራው እስኪደርስ ውጭ ይቆያል። በአንድ መዝገብ እናት ልጄን ላይ ብለው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ዋሉ። መከላከያ ሲጀመር ስማቸው ቁጥር አንድ ምስክር ሆኖ ተጠራ። ዐቃቤ ሕግ ተቃወመ፣ ነገሩ ተበላሸ። ስለዚህ የመኪናው ረዳት የእናንተ ምስክር ከሆነ ከበሩ አይለፍ።

21. ስለ ሸንኮራ ጫኝ መኪኖች፣ ስለ አዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ መብራት ኃይል ጋ ስላለው ጭንቅንቅ ብዙ ተባለ። 9 ቁጥር ተመልሶ 8 ቁጥርን በአፋን ኦሮሞ ሰላም አለው፤ 8 ቁጥርም በዚያው ቋንቋ መለሰለት። ጎበዝ ነው ለካ።

22. እህትየው ሁለተኛው ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ጻፈች። ተጎጂው ከአደጋ ወጥቷል የሚል ማስረጃ ቀርቧል። ልጁ በገንዘብ ዋስትና ይውጣ ተብሏል። አሁን ጭንቀቷ ሌላ ነው። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ብሩ በእጇ ነው፣ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ አልገባትም።

23. የችሎት ጸሐፊው ቶሎ ደረሱላት። ትእዛዙን ይዘሽ ሒሳብ ክፍል ሂጂ፣ ብሩን አስይዢ፣ ደረሰኝ ተቀበዪ። ደረሰኙን ለችሎቱ ጽሕፈት ቤት አሳዪ፣ መፈቻ፣ ማለት ልጁ ይለቀቅ የሚል ትእዛዝ፣ ይጻፍልሻል። መፈቻው ራሱ አይሄድም፣ አንቺ ወይም ፖሊሱ ጣቢያ ካላደረሳችሁት ልጁ እዚያው ያድራል። ዓርብ ምሳ ሰዓቱ ረጅም ነው፣ ከሰዓቱ ደግሞ አጭር። ቅዳሜና እሑድን ጣቢያ የሚያሳልፉ ብዙ ልጆች ዋስትና ተፈቅዶላቸው ወረቀት የዘገየባቸው ናቸው አሏት። ከዚያ በኋላ ልጁ አንድም ቀጠሮ እንዳይቀር፤ ከቀረ እሱም ይያዛል፣ ብሩም ለመንግሥት ሊገባ ይችላል።

24. ባጃጅ ሹፌሩ ደረሰኙን ፎቶ አንሺው፣ ግን ዋናውን ደብቂው አላት። መዝገቡ ሲዘጋ ብር የሚመለሰው በዋናው ደረሰኝ ነው። የእሱን ያስያዘለት የአክስቱ ልጅ ነበር፤ ደረሰኙን ኪሱ እንደከተተ ዓረብ አገር ሄደ።

25. ታዲያ ብሩን እንዴት አገኘኸው ብሎ የጠየቀ ነበር። ደረሰኙ በሰው ተልኮ መጣ፣ ግን ስሙ የአክስቱ ልጅ ስለሆነ ውክልና አምጣ ተባለ፣ ውክልናው ደግሞ ከዚያው አገር ካለው ኤምባሲ እስኪላክ ከረመ። እህትየው ይሄን ስታነብ ሒሳብ ክፍል ሰልፍ ላይ ነበረች። ደረሰኙን በራሴ ስም አስቆርጣለሁ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ እስካሁን አልተመለሰችም።